አራት በግ የተሸጠለት ላፕቶፕ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ መሐል ሜዳ የሚደርሰኝ ዘግይቶ ነው። ከደብረ ብርሃን የሚመላለስ አንድ ሾፌር ያመጣልኛል። አንዳንዴ የሁለትና የሦስት ሳምንቱን አንድ ላይ አነባለሁ። ስለዚህ ደብዳቤዬ ቢዘገይ አትፍረዱብኝ።

ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡ ልጆች ስለ ላፕቶፕ ግዢ ያወጣችሁትን ምክር አነበብኩት። ሴሌሮን የሚባል ፕሮሰሰር (የማሽኑ አእምሮ ማለት ነው) ያለበትን ላፕቶፕ ጭራሽ እንዳትገዙ፣ ኮር አይ ፋይቭ ከሚባለው ፕሮሰሰር በታች የሆነ ሁሉ ብር ማባከን ነው ይላል። ያንን ገጽ የወንድሜ ልጅም አነበበችው። አንብባ ስትጨርስ ዓይኗ እንባ ሞላ። አባቷ አራት በግ ሸጦ የገዛላት ላፕቶፕ ላይ የተለጠፈው ስም ሴሌሮን ነው።

እኔ እዚህ ከተማ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለኝ። ከሃያ ዓመት በላይ በዚሁ ነው የምተዳደረው። ስጀምር በአማርኛ ታይፕ ነበር የምጽፈው። ማመልከቻ፣ ክስ፣ ይግባኝ፣ የኪራይ ውል፣ ሲቪ፣ የሙት ዓመት መጥሪያ፣ ምን የማልጽፈው አለ? የኮምፒውተር ትምህርት የለኝም። ግን ከጠዋት እስከ ማታ አብሬው ነው የምውለው። የትኛው ማሽን እንደሚያሠራና የትኛው እንደሚያስለቅስ እጄ ያውቀዋል። ምክራችሁ ከፊሉ ልክ ነው። ጥፋተኛውን ግን ስቷል ብዬ አምናለሁ።

ወንድሜ ገበሬ ነው። ገብስና ባቄላ ያርሳል፣ በግ ያረባል። ልጁ አምና የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፋ ዩኒቨርሲቲ ተመደበች። ማጥናት የምትፈልገው አካውንቲንግ ነው። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የደረሰች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ወንድሜ ጥቅምት ላይ በገበያ ቀን አራት በግ ሸጠ። በማግስቱ በጣርማበር በኩል ደብረ ብርሃን ሄደ። ስለ ላፕቶፕ የሚያውቀው ነገር የለም። ሱቅ ያለው ልጅ «አዲስ ነው አባቴ፣ ካርቶኑ እንኳን አልተከፈተም፣ በጣም ፈጣን ነው» አለው። 22 ሺህ ብር ከፍሎ በበርኖሱ ሸፍኖ ይዞላት መጣ። ሱቁን መጥቀስ አልፈልግም። ሌሎቹም ቢሆኑ እንደዚያው ነው የሚሸጡት።

ሳምንት ሳይሞላው ልጅቷ ላፕቶፑን ታቅፋ ሱቄ ደረሰች።

«እትዬ፣ ተበላሽቷል መሰለኝ። ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል» አለችኝ።

ከፈትነው። እውነትም ይንቀራፈፋል። አንድ የዎርድ ፋይል ለመክፈት ደቂቃ አለፈው። ማውሱ ሃንግ ያደርጋል፣ ይለቃል፣ እንደገና ሃንግ ያደርጋል። ማን ቢያየው ፕሮሰሰሩ ደካማ ነው ይላል። እኔ ግን ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ መጫን ነው። ይህን ለሁሉም አንባቢ እመክራለሁ፤ የማሽኑን ሕመም ቦታውን ያሳያል። ፕሮሰሰሩ 15 ከመቶ እንኳን አልሠራም። ራሙ፣ ማለትም ማሽኑ የያዘውን ሥራ ለጊዜው የሚዘረጋበት ቦታ፣ 88 ከመቶ ሞልቷል። ማከማቻው ደግሞ 64 ጊጋ ከተባለው ላይ የቀረው ሁለት ጊጋ አይሞላም።

ምጣዱ ግሏል፣ ሊጥ የሚያቀብል ግን የለም ማለት ነው።

አራት ጊጋ ራም ለዊንዶውስ 11 ዝቅተኛው ነው። 64 ጊጋ ማከማቻም እንደዚሁ ዝቅተኛው ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ ያስቀመጠው የመጨረሻው ወለል ላይ ቆሞ የሚሸጥ ማሽን ነው። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ ዕቃውን ወደ ማከማቻው ማሸጋገር ይጀምራል። የዚህ ላፕቶፕ ማከማቻ ደግሞ ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት አይደለም። ኢ ኤም ኤም ሲ የሚሉት፣ በርካሽ ስልክ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። ከኤስ ኤስ ዲ በጣም ይዘገያል። እሱም ራሱ ከሞላ መፈናፈኛ የለም።

ምን ሞላው? ቴሌግራም ብቻውን 11 ጊጋ ይዟል። ልጅቷ የአዲስ ተማሪ ቻናሎች ውስጥ ገብታለች። የሚለጠፈው ሞጁል፣ ሃንድአውትና ቪዲዮ ሁሉ ሳትነካው በራሱ እየወረደ ነበር። ከዚያ የወረደ የዊንዶውስ አፕዴት አለ። ከፋብሪካ ተጭነው የመጡ፣ ማንም የማይከፍታቸው ጨዋታዎችና የሙከራ ፕሮግራሞችም አሉ። ማሽኑ ሲከፈት አብረው የሚነሱ ስምንት ፕሮግራሞች ቆጠርኩ።

ሌላም ነገር ነበረበት። የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝ ልጭንላት ስል አልቀበልም አለ። ለካ ኤስ ሞድ የሚሉት ዓይነት ዊንዶውስ ነው፤ ከማይክሮሶፍት ስቶር ውጪ ምንም አያስጭንም። በነጻ ከዚያ መውጣት ይቻላል፣ አንዴ ከወጡ ግን መመለስ የለም። ለመውጣት ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ዳታ እስኪስተካከል ሁለት ቀን ጠበቅን። ይህንንም ለወንድሜ የነገረው ሰው አልነበረም።

አንድ ከሰዓት ሙሉ አብረን አጸዳነው። የቴሌግራሙን በራሱ ማውረድ ዘጋን። ሞጁሎቹን ወደ ፍላሽ ገለበጥን። ከማይፈለገው ስምንት ፕሮግራም ሰባቱን አብሮ እንዳይነሳ አደረግን። ሁለት ብሮውዘር ነበራት፤ አንዱን አጠፋን። 25 ጊጋ ባዶ ቦታ አገኘን። ከዚያ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። ማሽኑ ተከፍቶ ለሥራ እስኪደርስ 45 ሴኮንድ። ዎርድ ሲከፈት 6 ሴኮንድ። 60 ገጽ ያለው የአማርኛ ሰነድ ከላይ እስከ ታች ሳይደናቀፍ ተገላበጠ። ጽሑፍ ስትጽፍ ፊደሉ ከጣቷ እኩል ነው የሚወጣው። ፕሮሰሰሩ ያው ሴሌሮን ኤን 4020 ነው። ሁለት ኮር፣ ማለትም ሁለት ሠራተኛ ክፍል፣ ከዚያ በላይ የለውም። አልተለወጠም።

አሁን ወደ ራሴ ማሽን ልምጣ። ምክራችሁ የሚያሞግሰው ኮር አይ ፋይቭ አለኝ። ያገለገለ ገዝቼ ነው፣ አምስተኛው ትውልድ፣ በፈረንጆቹ 2015 የወጣ ፕሮሰሰር ነው። ራሙ 8 ጊጋ ነው። ሃርድ ዲስኩ ግን የድሮው የሚሽከረከር ዓይነት ነበር። ጠዋት ሱቅ ከፍቼ ማሽኑን ካበራሁ በኋላ ጠርጌ እስክጨርስ አይነሳም ነበር። አራት ደቂቃ። ባለጉዳይ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ እኔ አፍራለሁ። አንድ ጠጋኝ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ 256 ጊጋ ኤስ ኤስ ዲ ገጠመልኝ። በ30 ሴኮንድ መነሳት ጀመረ። ያ ሁሉ ዓመት አይ ፋይቭ እያለኝ ከሴሌሮን የባሰ ቀርፋፋ ማሽን ላይ ነበር የምሠራው። ስሙ ብቻውን ምንም አላደረገልኝም።

ለትንሽ ላፕቶፕ ያለን ጥላቻ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ እኔም በእጅ ቦርሳ የምትገባ ኔትቡክ ነበረችኝ። አቶም የሚባለው ፕሮሰሰር አንድ ኮር፣ ራሟ 1 ጊጋ። እሷ ላይ ሦስት ገጽ መጻፍ የእውነት ቅጣት ነበር። ብዙ ሰው ያኔ ተቃጥሎ አሁንም ይፈራል። የዛሬዎቹ ግን እነዚያ አይደሉም። በ2023 በፈረንጆቹ የወጣው የኢንቴል ኤን 100 አራት ኮር አለው። ያገለገለው ገበያ ላይ ከሞሉት የድሮ ባለ ሁለት ኮር የላፕቶፕ አይ ፋይቮች ይፈጥናል። የተሠራውም እንደ ሴሌሮኑ በትንሽ ኃይል፣ በ6 ዋት እንዲሠራ ነው።

ይህች ዋት የምትባል ነገር አዲስ አበባ ላለ ሰው ምንም ላትመስል ትችላለች። እዚህ ግን ትልቅ ነገር ናት።

ኅዳር ላይ መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። አንድ አባት ከገጠር መጡ። የመሬት ድንበር ክርክር ነው፣ ወረዳ ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸዋል። የፍትሐ ብሔር ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። እሳቸው ሰው ጠፍቶባቸው፣ ገንዘብ አጥተው፣ ቀኑ እላያቸው ላይ አልቋል። በማግስቱ ደብረ ብርሃን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ካልደረሱ ጉዳያቸው ያበቃል። ጠበቃው በእጁ የጻፈውን ሰባት ገጽ ይዘው ነው የመጡት። የእኔ አይ ፋይቭ ባትሪው አርጅቷል፣ ፕሮሰሰሩም 15 ዋት ነው የሚፈልገው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ዘጋብኝ። ጄኔሬተር ያለው ጎረቤቴ ደግሞ ነዳጅ ፍለጋ ሄዷል፣ ማታ ነው የሚመለሰው።

የወንድሜ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ እስኪወጣ ሱቅ እያገዘችኝ ነበር። ሳልጠይቃት ያንን ሴሌሮን አወጣች። ባትሪው 60 ከመቶ ላይ ነበር። እኔ እያነበብኩላት እሷ ጻፈች። የአቤቱታ አጻጻፉን፣ አመልካችና ተጠሪ የት እንደሚቀመጥ፣ ማስረጃ እንዴት እንደሚዘረዘር እዚያው ተማረች። አንድ ጊዜ እንኳን ሃንግ አላደረገም። ስንጨርስ 24 ከመቶ ቀርቶት ነበር። ማታ ጄኔሬተሩ ሲነሳ በፍላሽ ወስደን አተምንላቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው «እጅሽ ይባረክ ልጄ፣ ተምረሽ ለወግ ለማዕረግ ብቂ» አሏት። በማግስቱ ሌሊት ተነስተው ደብረ ብርሃን ደረሱ። መዝገቡ ተከፍቶላቸዋል።

ያን ቀን ልጅቷ ስለ ላፕቶፗ የነበራት ሐሳብ ተለወጠ። እኔም እንደዚያው።

ያ ማሽን ጽሑፍ ብቻ ሲጻፍበት አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ስድስት ሰዓት ያህል ይሠራል። ማቀዝቀዣ ፋን የለውም። ጩኸት የለም፣ አቧራም አይስብም። በበጋ የመንዝ ነፋስ ምን ያህል አቧራ እንደሚያመጣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የእኔን ማሽን ጠጋኙ በከፈተው ቁጥር ከፋኑ ውስጥ ጭድ የመሰለ ነገር ያወጣል።

ይህን ሁሉ ስል ለሁሉም ሰው ይበቃል ማለቴ አይደለም። አይበቃም። አንድ የመሐል ሜዳ ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ተመድቦ እንደሷ ዓይነት ላፕቶፕ ልግዛ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ተው አልኩት። የአንድሮይድ መተግበሪያ የሚሠራበት ፕሮግራም ብቻውን ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ይጠይቃል። አርክቴክቸርና ሲቪል የሚማር ልጅ አውቶካድ የሚባለው ከባድ የንድፍ ፕሮግራም ይጠብቀዋል። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው አያስበው። እኔም የሠርግ ካርድ በፎቶሾፕ ለመሥራት ሞክሬበት ትቼዋለሁ። በዙም ስብሰባ ላይ ሆኖ ጎን ለጎን ሌላ ሰነድ መክፈትም ያስጨንቀዋል። አካውንቲንግ ለሚማር፣ ዎርድ፣ ኤክሴል፣ ፒችትሪና ፒዲኤፍ ለሚከፍት ግን ፍጥነቱ በቂ ነው። ሁለት ወር ሙሉ የሱቅ ሥራ ሠርተንበታል፣ በዚህ ላይ ማንም አያሳምነኝም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከጸዳ በኋላ ራም ልጨምርላት ብዬ ጠጋኙ ጋ ወሰድኩት። ከፍቶ አሳየኝ። ራሙ ከቦርዱ ጋር ተበይዷል። ማከማቻውም እንደዚያው። የሚነቀል፣ የሚጨመር ነገር የለም። ማሽኑ ልጅቷ እስክትመረቅ አራት ጊጋ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። የእኔ አሮጌ ማሽን በአንድ ኤስ ኤስ ዲ ዳነ፤ የእሷ አዲስ ማሽን መዳኛ የለውም። አሁን ይበቃታል። ከሦስት ዓመት በኋላ ዊንዶውስ የበለጠ ሲከብድ ምን ይሆናል? ደካማው ፕሮሰሰር አይደለም የሚጥላት፣ የተበየደው ራም ነው። ሻጩ ባለ 8 ጊጋውን ቢያሳየው ወንድሜ አምስተኛ በግ ይሸጥ ነበር። አላሳየውም። ስለ ራም አልነገረውም። የነገረው «ፈጣን ነው» ብቻ ነው።

የእናንተም ምክር እዚህ ላይ ነው የጎደለው። አይ ፋይቭ ግዙ ብቻ ካላችሁ ሰው ያገለገለ የድሮ አይ ፋይቭ ይገዛል። እንደ እኔው ዓይነት፣ ሃርድ ዲስክ ያለበት፣ ባትሪው የሞተ። በዚያ ላይ ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ስምንተኛው ትውልድ በታች ያለውን ኮር በደንቡ አይቀበልም። የእኔ አምስተኛ ትውልድ አይ ፋይቭ ከደንቡ ውጪ ነው፣ የልጅቷ ሴሌሮን ግን ውስጥ ነው። አንድ ወጣት በዊንዶውስ ፈንታ ሊነክስ ሚንት ጫኚበት ብሎኛል፣ አሮጌ ማሽን ላይ እንደሚቀል ነግሮኛል። አማርኛም ይጻፍበታል። እሞክረዋለሁ። ለጊዜው ግን የደንበኞቼ ፋይል ሁሉ ያለው በፓወር ግዕዝና በዎርድ ስለሆነ አልደፈርኩም።

ለምን ይህን ያህል እንደጻፍኩ ልንገራችሁ። ከ2015 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ የመውጫ ፈተናውን የሚፈተነው በኮምፒውተር ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ከ2016 ወዲህ በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። የእኛ ልጆች ብዙዎቹ ማውስ የሚይዙት ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ነው። ሱቄ ለምዝገባ ሲመጡ አያለሁ። ጥያቄውን ያውቁታል፣ ጣታቸው ግን ይንቀጠቀጣል። አንዲት ልጅ «ስክሮል» ማለት ምን እንደሆነ ጠይቃኝ እንባዬ መጥቷል። ለእንደዚህ ዓይነት ልጅ ትንሽዬ ላፕቶፕ ለአራት ዓመት በእጇ ብትኖር ትርጉሙ ትልቅ ነው። አባቷ ጋዜጣ ላይ ያ ዓይነት አይረባም የሚል አንብቦ «እንግዲያው ይቅር፣ አይ ፋይቩ ዋጋው እጥፍ ነው» ካለ ልጅቷ ምንም ሳይኖራት ልትሄድ ነው። እኔ የምፈራው ይህን ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በሚቀጥለው ስለ ላፕቶፕ ስትጽፉ ዋጋውንና የፕሮሰሰሩን ስም ብቻ አትጻፉ። ራሙ ስንት ነው? ይጨመራል ወይስ ተበይዷል? ማከማቻው ኤስ ኤስ ዲ ነው ወይስ ኢ ኤም ኤም ሲ? ኤስ ሞድ ነው ወይ? ባትሪው ስንት ሰዓት ይይዛል? እነዚህን ጻፉልን። ሻጮችም ካርቶኑ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን በአማርኛ ለገዢው እንዲያነቡለት ጠይቁልን። ከገጠር መጥቶ በጉን ሸጦ የሚገዛ ሰው ማወቅ ይገባዋል።

የልጅቷ ጥሪ ወጥቷል፣ የፊታችን ሰኞ ትሄዳለች። ላፕቶፑ የሚገባበት ከረጢት ከአሮጌ ባና ሰፍቼላታለሁ። ትናንት ደግሞ አንድ ጎረቤቴ ለወንድ ልጁ ሊገዛ ነገ ደብረ ብርሃን እንደሚሄድ ነገረኝ። ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። 8 ጊጋ ራም። 256 ጊጋ ኤስ ኤስ ዲ። ኤስ ሞድ ያልሆነ። ፕሮሰሰሩ ኤን 100 ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘም አትጨነቅ አልኩት። ማንበብ ስለማይችል ወረቀቱን ለሻጩ እንዲሰጥና ማሽኑ ተከፍቶ እዚያው እንዲያሳዩት ነግሬዋለሁ። ከኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአንባቢዎቻችሁ አንዷ
መሐል ሜዳ፣ ሰሜን ሸዋ